የስኳር ሕመምና ጤናማ ክብደት በላስታ ደጋ

በስኳር ሕመም ጤናማ ክብደትን መጠበቅ ማለት የሰውነት ክብደት መለኪያው (በኪሎ ግራም የተለካ ክብደት በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር) ከ18.5 እስከ 24.9 እንዲሆን የምግብን ዓይነት፣ መጠንና ሰዓት ማስተካከል ነው። በከተማ በሚበዛው ሁለተኛው ዓይነት ሕመም ይህ በአብዛኛው መቀነስን ሲጠይቅ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ግን ብዙ ጊዜ መጨመርን ይጠይቃል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የጎንደር ጥናት ኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ሆርሞን፣ ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ድሆችና ከሲታዎች መሆናቸውን ያሳየ ሲሆን፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ይህን ሕመም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ ለከሲታ ሕመምተኛ «ምግብ ቀንስ» የሚለው የተለመደ ምክር ጎጂ ነው።

በላስታ ደጋ፣ በገነተ ማርያምና በላሊበላ ዙሪያ፣ ከዋና እህሎች አንዱ የሆነው ገብስ ቤታ ግሉካን በተባለ የሚሟሟ አሰሩ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ በሶው በማር ወይም በስኳር ሲበጠበጥ ግን ይህ ጥቅም ይሸረሸራል። ባቄላ፣ ምስርና ሽሮ የደም ስኳርን በፍጥነት ሳያንሩ ገንቢ ምግብ ይሰጣሉ። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ኢንሱሊን ወስዶ ቅዳሴ እስኪያልቅ ሳይበሉ መቆየት የደም ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርድ ስለሚችል፣ ሕመምተኛው አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመክራል።