ለሙዚየም የሚሰበሰብ ገንዘብ፤ ከስድስት ኪሎ እስከ ደብረ ወርቅ

የጥንት ዕቃ እንዲጠበቅ ገንዘብ ያስፈልጋል ሲባል የሚቃወም ሰው አላየንም። ገንዘቡ ዕቃውን ለመግዛት ይዋል ወይስ ዕቃው የሚኖርበትን ቤት ለማጽናት ይዋል ሲባል ግን ሐሳብ ይለያያል። እኛ ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች ስለሆንን፥ ይህን ጥያቄ ከአዲስ አበባው ሙዚየም ታሪክ ጋር እያነጻጸርን ለመመርመር አስበናል። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት ሙዚየም አልነበረውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ያደራጁት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባሉ፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአገራቸው ውጭ የቀሩ የፖላንድ ተወላጅ ነበሩ። እኒህ ሰው ከመጽሐፉ ጐን ለጐን ሥዕልና መስቀል፥ የቤት ዕቃም መሰብሰብ ጀመሩ። የኮሌጁ የሕዝቦች ባህል ጥናት ማኅበርም ከ1953 ጀምሮ መጽሔት ያሳትም ነበርና፥ ተማሪዎች ስለ ትውልድ አገራቸው ልማድ የሚጽፉት ጽሑፍና የሙዚየሙ ስብስብ አብረው አደጉ ለማለት ይቻላል።

የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ከተሰጠ በኋላ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። ሪቻርድ ፓንክረስት ዲሬክተር ሆኑ፤ ሆይናትስኪም የሙዚየሙን ሥራ ያዙ። ቦታ ተገኘ ማለት ነው፤ የጐደለው ገንዘብ ነበር። የድሮ ሥዕል የያዘ ነጋዴ ለዩኒቨርሲቲ በጀት ጊዜ አይሰጥም፤ ዛሬ ያልገዛኸውን ነገ ለአገር ጐብኚ ይሸጠዋል። በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር የተቋቋመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ማኅበሩ ከአባላትና ከለጋሾች ገንዘብ እያሰባሰበ፥ ከአገር ሊወጡ የተቃረቡ ሥዕሎችንና መስቀሎችን ለሙዚየሙ ይገዛ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታትም ለተቋሙ አዲስ የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ገንዘብ ለማሰባሰብ ደክሟል። ሆይናትስኪ ራሳቸው በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ካናዳ ሄደው በ2010 እስኪሞቱ ድረስ ጥናታቸውን አላቋረጡም፤ የተቋሙን ሥዕሎች የሚዘረዝረው ትልቁ መጽሐፋቸው የታተመው በ2000 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሣ። በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ የሚኖሩ የፖላንድ ስደተኞች በ1935 የራሳቸውን ሙዚየም መሥርተው በ1937 ለሕዝብ ከፈቱት። በ1939 የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት ሳለ ፖላንድ ስለተወረረች፥ ለትርኢቱ የመጡት ዕቃዎች መመለሻ አጡ፤ ብዙዎቹንም የቺካጎው ሙዚየም ገዛቸው። እነዚያ ስደተኞች የአባቶቻቸውን ቅርስ ሲያድኑ፥ የአዲስ አበባው ስደተኛ ግን የሰው አገር ቅርስ ሲያድን ኖረ። ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው፥ ገንዘቡ የደረሰው ዕቃው ቤት ባጣበት ሰዓት መሆኑ ነው።

እንግዲህ መግዛት መልካም ነው፤ ዋጋው ግን ብር ብቻ አይደለም። ነጋዴ ሥዕሉን ከየትኛው ደብር እንዳገኘው አይናገርም፤ ቢናገርም እውነቱን ለመናገሩ ዋስትና የለም። ስለዚህ ሥዕሉ ሲድን የትውልድ አገሩ ስም ይጠፋል። ማን አሣለው፥ ለማን ስለት ገባ፥ በየትኛው በዓል ይወጣ ነበር የሚለው ሁሉ ከደብሩ አረጋውያን ጋር ይቀራል።

በጎጃም ደጋ ያለው ነገር ከዚህ ይለያል። ዕቃው ቤት አላጣም። በመርጡለ ማርያም እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ጥርብ ድንጋይ ፍርስራሹ ቆሞ ይታያል፤ በደብረ ወርቅ ማርያም ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ተብላ የምትከበር ሥዕል አለች፤ ቅኔ የሚፈልግ ተማሪ የሚጓዝበት ዲማ ጊዮርጊስም ለቢቸና ቅርብ ነው። በእንዲህ ያሉ ደብሮች ንዋያተ ቅድሳት በዕቃ ቤት ይቀመጣሉ። እስከ 1975 ድረስ አገልጋዩ የሚኖረው በቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። በዚያ ዓመት የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲወጣ ይህ ገቢ ቀረና የዕቃ ቤቱም ጥበቃ በምእመናን መዋጮ ላይ ወደቀ።

መዋጮው እንዴት እንደሚሰበሰብ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል። በንግሥ ቀን ለስለት የገባው በግ፥ ምንጣፍና ጃንጥላ በጨረታ ይሸጣል። ያሸነፈው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ጃንጥላውን መልሶ ለደብሩ ይሰጣል፤ ያው ጃንጥላ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ይጫረታል። (የኢኮኖሚ ክፍል ጓደኞቻችን ይህን ቢያጠኑት ደስ ይለናል።) ነገር ግን ከተሰበሰበው ገንዘብ መጀመሪያ የሚታሰበው የቤተ መቅደሱ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ የካህናቱ ደመወዝ፤ ዕቃ ቤቱ መጨረሻ ይደርሰዋል። በዚህ መካከል ብራናው ይረጥባል፥ አይጥም ይበላዋል፥ ሌባም መስኮት ይለካል።

ስለዚህ ለጎጃም የሚስማማው የግዢ ገንዘብ ሳይሆን የቤት ገንዘብ ነው እንላለን። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ የአካባቢው ተወላጆች እንደ ስድስት ኪሎው የወዳጆች ማኅበር ቢሰበሰቡ፥ የሚያዋጡት ለድንጋይ ግድግዳ፥ ለብረት በር፥ ለደረቅ ሣጥንና ለጠባቂ ደመወዝ ይሁን። የሙዚየም ክፍል በግቢው ውስጥ ይሠራ፤ በበዓል የሚወጣው ዕቃ እንደ ወትሮው ወጥቶ ይመለስ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ዕቃው ወደ ከተማ ቢመጣ ይሻላል ብለው ተከራክረዋል፤ ስርቆትን በማሰብ ያሉት ስለሆነ አንንቀውም። ሆኖም ዕቃ ቤቱ ባዶ የሆነበት ደብር ለጨረታው የሚመጣውን ሕዝብ ያጣል ብለን እንፈራለን።

አስቸጋሪው ነገር ምዝገባው ነው። የ1966ቱ የጥንት ቅርስ ዐዋጅም ሆነ የ2000ው የቅርስ ዐዋጅ ለጥበቃው መሠረት ጥለዋል፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ቢሰረቅ የእኛ ነው ብሎ ለመሟገት ማስረጃ አይገኝም። ይሁን እንጂ የጎጃም ገበሬ መዝገብ ይዞ የሚመጣን ሰው የሚፈራበት ምክንያት አለው። ያ የወዳጆች ማኅበር አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመበት በ1968፥ ሞጣና ቢቸና የእርሻ ገቢ ግብሩን እንቢ ብለው ሸፍተው ነበር፤ ሰዉ ከግብሩ ይልቅ የፈራው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካ ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎች ልጆች ዛሬ የዕቃ ቤት ቁልፍ ይዘዋል። ስለዚህ መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፥ ጽሕፈቱም በካህናቱ እጅ ይሁን፤ አንደኛው ቅጂ ከደብሩ አይውጣ።