ከመድኃኒቱ በፊት ውሃው፦ በናይሮቢ የወርቃማ ዓሣ በሽታዎችን መለየትና ማከም

ጎልድፊሽ የሚባለው ወርቃማ ዓሣ ሲታመም የሚያሳየው ምልክት ጥቂት ነው። ምግብ ይተዋል፣ ክንፉን ወደ ሰውነቱ ይሰበስባል፣ ከገንዳው ወለል ይተኛል ወይም ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ቶሎ ቶሎ ይከፍታል። በአሞኒያ የተመረዘው፣ ስንጥቡን ትል የወረረውና ኦክስጅን ያጠረው ዓሣ በዓይን ሲታዩ ተመሳሳይ ናቸው። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ አይቶ መድኃኒት መግዛት ሕክምና ሳይሆን ግምት ነው። በናይሮቢ ደግሞ ግምቱ ይበልጥ ይሳሳታል። የከተማዋ ከፍታ፣ ብርዷና የውሃ ምንጮቿ መለዋወጥ የበሽታውንም የሕክምናውንም አካሄድ ይለውጣሉና።

በቻይና ከሺህ ዓመት በላይ የተላመደው ይህ ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚችል ፍጡር ነው። የናይሮቢ ብርድ በራሱ አይገድለውም። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በእኩል ሙቀት ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን ከሞምባሳው በአምስተኛ ያህል ያንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ጉድለቱ ሩብ ይደርሳል። ዓሣ የሚበዛበት ትንሽ ገንዳ እዚህ ከባሕር ዳርቻው ቀድሞ ይታፈናል። አየር መንፊያ ፓምፕ ለጌጥ የሚገባ ዕቃ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ዋናው ጉዳይ ግን አሞኒያ ነው። ዓሣው አሞኒያን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ያስወጣል። በማጣሪያው ውስጥ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ እስኪደራጁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ ብርድ ሲሆን ከዚያም ይዘገያሉ። አዲስ የተገዙ ዓሦች በመጀመሪያው ወር በብዛት የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው።

የአሞኒያ መርዛማነት በፒኤች፣ ማለትም በውሃው የአሲዳማነት ወይም የአልካላይነት መለኪያ ይወሰናል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል 0.4 በመቶ ብቻ ነው። ፒኤቹ 8.5 ሲደርስ 11 በመቶ ያህል ይሆናል። የናይሮቢ የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ከአበርዴር ተራሮች ተፋሰስ፣ ከንዳካይኒና ከሳሱሙዋ ግድቦች ሲሆን ለስላሳ ነው። ውሃው በፈረቃ ሲቋረጥ ነዋሪው ከጥልቅ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ በቦቴ ይገዛል። ይህ ውሃ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበት ሲሆን ፒኤቹ ከ8 በላይ ሊሆን ይችላል። ለሳምንታት አሞኒያ ተጠራቅሞበት ዓሣው ችሎት የኖረ ገንዳ በአንድ የውሃ ቅየራ በሰዓታት ውስጥ ገዳይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ባለቤቱ «ውሃውን ቀየርኩለት፣ ሞተብኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ትክክለኛ ታሪክ ነው። መፍትሔው ውሃን አለመቀየር አይደለም። በየሳምንቱ ከአራት አንድ እጁን፣ ክሎሪኑን በሶዲየም ታዮሰልፌት አጥፍቶ፣ ምንጩ ሲለወጥ ደግሞ ፒኤቹን ለክቶ በጥቂት በጥቂቱ መቀየር ነው።

ከናይሮቢ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው የማጋዲ ሐይቅ የሚኖረው ትንሽ ቲላፒያ ይህን ነገር በጉልህ ያሳያል። ፒኤቹ 10 ገደማ በሆነ ውሃ አሞኒያን በስንጥብ ማስወጣት ስለማይቻል፣ ዓሣው እንደ አጥቢ እንስሳት ዩሪያ ያመነጫል፤ ተመራማሪዎች ይህን በ1989 አሳትመዋል። ወርቃማ ዓሣ ግን ይህ ችሎታ የለውም። በዚህ ምክንያት በናይሮቢ ገበያ ለባቄላና ለበቆሎ ማብሰያ የሚሸጠውን «ማጋዲ» የተባለ አልካላይ ሶዳ ከጨው ጋር አምታቶ ገንዳ ውስጥ መጨመር አደገኛ ነው። ለሕክምና የሚፈለገው ሶዲየም ክሎራይድ፣ የወጥ ቤቱ ጨው ነው። ናይትራይት ደምን ወደ ቡናማ ለውጦ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሲያደርግ፣ በሊትር አንድ ግራም ጨው ናይትራይቱ በስንጥብ እንዳይገባ በብዛት ይከላከላል።

ጨው በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም ሲሆን የነጭ ነጥብ በሽታንም ያክማል። መንስኤው ኢክቲዮፍቲሪየስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ሲሆን፣ በቆዳና በክንፍ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ነጭ ነጥቦች ይፈጥራል። ጥገኛው ከቆዳው ሥር ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም። የሚሞተው ከዓሣው ወርዶ፣ ተባዝቶ፣ አዲስ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኝ ነው። ዑደቱ በ25 ዲግሪ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ሲያልቅ፣ በ15 ዲግሪ ወደ ሁለት ሳምንት፣ በ10 ዲግሪ ከወር በላይ ይወስዳል። በሐምሌ ሌሊቶች አየሩ ወደ 11 ወይም 12 ዲግሪ በሚወርድባት ናይሮቢ፣ ለሞቃት ገንዳ የታሰበ የአንድ ሳምንት ሕክምና ነጥቦቹን አጥፍቶ በሽታውን ይተዋል። የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቀጠል ይገባል። አዲስ ዓሣን ለብቻ ማቆየትም እንዲሁ ነው፤ በብርድ ወራት ሁለት ሳምንት አይበቃም፣ አራት ይሻላል። የመራቢያ ጊዜው የደረሰ ወንድ በስንጥብ ክዳኑና በፊት ክንፎቹ ጠርዝ ላይ የሚያወጣቸው ነጭ ጉብታዎች ግን በሽታ አይደሉም።

የስንጥብና የቆዳ ትሎች በማይክሮስኮፕ ብቻ ይረጋገጣሉ። ፕራዚኳንቴል ይገድላቸዋል፤ ዳክቲሎጋይረስ የተባለውን የስንጥብ ትል እንቁላል ግን ስለማይነካ ሕክምናው መደገም አለበት። በዓይን የሚታየው መልህቅ ትል በመቆንጠጫ ተነቅሎ ቁስሉ ይጸዳል።

የክንፍ መበስበስና ቀይ ቁስለት በአብዛኛው ኤሮሞናስን በመሰሉ ባክቴሪያዎች ይመጣሉ፤ መንገዱን የሚከፍተው ግን ብዙ ጊዜ የተበላሸ ውሃ ወይም ትል ነው። ከአግሮቬት (የግብርናና የእንስሳት መድኃኒት) ሱቅ ለዶሮ የሚሸጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን ገዝቶ ገንዳ ውስጥ መበተንን አጥብቄ እቃወማለሁ። የማጣሪያውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ሊገድልና መድኃኒት የተላመደ ተውሳክ ሊያፈራ ይችላል። አንቲባዮቲክ በሐኪም ትእዛዝ፣ በተቻለ መጠን በመርፌ ወይም በምግብ ይሰጥ።

ሐኪሞችም ሊዘነጉት የማይገባው «የካርፕ ዝርያዎች ሄርፐስ ቫይረስ 2» የተባለው ነው። ከጃፓን ተገልጾ በ1995 የታተመው ይህ ቫይረስ የሚበረታው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ውሃ ሲሆን፣ ይህ የናይሮቢ ገንዳዎች ሙቀት ነው። ስንጥቡ ይገረጣል፣ ሞቱም ፈጣን ነው። መድኃኒት የለውም። ውሃውን ከ27 ዲግሪ በላይ ማሞቅ ሞትን ይቀንሳል፤ የሞቀ ውሃ ግን ኦክስጅኑ ስለሚያንስ በዚህ ከፍታ አየር መንፊያው አብሮ መበርታት አለበት። የተረፈው ዓሣ ቫይረሱን ተሸክሞ ስለሚቀር ከሌላ ጋር አይቀላቀል።

ሆድ ተነፍቶ ቅርፊት ወደ ውጭ ሲቆም ብዙዎች የበሽታ ስም ይሰጡታል። ይህ ግን የኩላሊት ወይም የስንጥብ ሥራ መታወክ ምልክት ሲሆን ተስፋውም ጠባብ ነው። ክብ ሰውነት ያላቸው ዝርያዎች ሲገለበጡ ግን ቶሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ለጥቂት ቀናት ማስጾምና የሚሰጥም ምግብ መስጠት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ምርመራ የሚፈልግ ሰው በካቤቴ የሚገኘውን የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ መጠየቅ ይችላል። ለሰዓታት ሞቶ የቆየ ዓሣ ጥገኞቹ ስለሚለቁት ብዙም አይናገርም፤ ገና የሚተነፍሰውን በራሱ ውሃ፣ ከገንዳው የተቀዳ ሌላ ውሃ ደግሞ በንጹሕ ጠርሙስ ለብቻ መውሰድ ነው። ሐኪሙ በቅድሚያ ሊነገረው የሚገባው ውሃው መጨረሻ የተቀየረበት ቀንና ያ ውሃ ከቧንቧ ይሁን ከቦቴ ነው።