ወገበ ቀጭኗ ሣጥንና ኡኡታዋ

ስሟ «ጊብሰን ገርል» ነው። ቢጫ ሣጥን ናት፤ መካከሏ እንደ ሴት ወገብ ገባ ያለ። ስሙን ያወጡላት አሜሪካውያን ናቸው፤ ሠዓሊው ቻርልስ ዳና ጊብሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በየመጽሔቱ ይሥላቸው ከነበሩት ወገበ ቀጭን ወይዛዝርት ወስደው። ቅርጿ ግን ለውበት ሲባል የመጣ አይደለም። አውሮፕላኑ ባሕር ላይ የወደቀበት ሰው፣ በምትዋዥቅ የጎማ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሁለት ጭኖቹ መካከል አጥብቆ እንዲይዛት ነው። እጆቹ መዘውር ለማዞር ይፈለጋሉና።

ትውልዷም አሜሪካ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1941 ግድም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጀርመኖች ለአየር ኃይላቸው ሠሯት። እንግሊዞች አንዷን ማረኩና አምሳያዋን ሠሩ፤ ሌላዋ ምርኮ አሜሪካኖች እጅ ገባች፤ እነርሱም ኤስ.ሲ.አር. 578 ብለው በብዛት አመረቷት። ጀርመን ለልጆቿ የፈለሰፈችው መሣሪያ የጠላቶቿ ልጆች መዳኛም ሆነ።

ባትሪ የላትም። መዘውሩ ሲዞር በውስጧ ያለው ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር የሆነውን የሞርስ ጥሪ፣ ኤስ.ኦ.ኤስን፣ ራሷ ትመታለች። ሞርስ ያልተማረ፣ ቆስሎ ራሱን ሊስት የደረሰ ሰው እንኳ ማዞር ከቻለ ይበቃዋል። የአንቴናውን ሽቦ ወደ ሰማይ የሚያነሣው ካይት ነው፤ ነፋስ ከጠፋ በሃይድሮጅን የተሞላ ፊኛ።

የምትጣራው በ500 ኪሎ ኸርዝ ነበር። በየሰዓቱ ሁለት ጊዜ፣ ከ15ኛው እስከ 18ኛው እና ከ45ኛው እስከ 48ኛው ደቂቃ፣ በዚህ ሞገድ ላይ ማንም ሥራውን አይልክም፤ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኞች ዝም ብለው ያዳምጣሉ። በክፍላቸው ሰዓት ላይ እነዚያ ደቂቃዎች በቀይ የተቀቡ ነበሩ። ደካማ ጥሪ እንዲሰማ ባሕሩ ሁሉ በሰዓት ስድስት ደቂቃ ዝም ይል ነበር ማለት ነው! ሥርዓቱ በ1999 በሳተላይት ዘዴ ተተክቶ አበቃ።

በእኛ አገር ሌሊት ኡኡታ የሰማ ጎረቤት ማንነቱን እስኪያጣራ አይቀመጥም፤ ዱላውን ይዞ ይወጣል፣ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። የነፍስ አድን ሬዲዮም የሚሠራው በዚህ እምነት ነው። ይህ እምነት ሲጎዳም ታይቷል። በቬትናም ጦርነት የተማረኩ የአብራሪ ሬዲዮዎች ለአዳኞቹ ወጥመድ ሆነው ስለ ነበር፣ አዳኙ የወደቀውን አብራሪ ከእርሱ በቀር ማንም የማያውቀውን ጥያቄ መጠየቅ ግድ ሆነበት።

ከዚያ ሣጥኖቹ አነሱ፣ ባትሪም ለበሱ። በጥቅምት 1972 ሁለት የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት፣ ሄል ቦግስና ኒክ ቤጊች፣ አላስካ ላይ ከነአውሮፕላናቸው ጠፍተው ቀሩ፤ በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ በራሱ የሚጮኽ ሬዲዮ ግዴታ እንዲሆን ያ አደጋ ግፊቱን አበረታ። በ1982 ደግሞ፣ ቀዝቃዛው ጦርነት ገና ሳይበርድ፣ የሶቪየት ሳተላይት ካናዳ ውስጥ የወደቁ ሦስት ሰዎችን ጥሪ ሰምታ አስገኘቻቸው። ግን በ121.5 ሜጋ ኸርዝ የሚሰማው ኡኡታ ከመቶው ከ95 በላይ ሐሰት ነበር። በ2004 ኦሪገን ውስጥ የአንድ ተማሪ ቴሌቪዥን ተበላሽቶ በዚያ ሞገድ ስለጮኸ ነፍስ አዳኞች በሩን አንኳኩተዋል። በ2009 ሳተላይቶቹ ይህን ሞገድ ማዳመጥ አቆሙ፤ ዛሬ የሚሰሙት የባለቤቱን መለያ ቁጥር ይዞ የሚጣራውን 406 ሜጋ ኸርዝ ነው። አብራሪዎች ግን 121.5ን አሁንም ያዳምጣሉ።

እንግዲህ እነዚህን አሮጌ ሣጥኖች የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ ሊነካው የሚገባው አንቴናውን ነው፤ ነቅሎ ያስቀምጠው። መሥራቷን ማየት የፈለገ በአንቴናው ፈንታ ጉልበቱን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ሬዚስተር ያስር፤ ያም ቢሆን የሚያፈተልክ ሞገድ ስለማይጠፋ በደንብ በተከለለ ቦታ ይሁን። ክዳኗን ከፍቶ መዘውር ማዞር ደግሞ ሞኝነት ነው፤ ውስጧ ከ300 ቮልት በላይ ይመነጫል። ከሁሉ የምፈራው ለፊኛው የተሠራውን ያልተከፈተ ቆርቆሮ ነው። ሊቲየም ሃይድራይድ የተባለ ውሃ ሲነካው ሃይድሮጅን የሚተፋ ኬሚካል አለበት፤ እርሱን ለባለሙያ መተው እንጂ ለመደርደሪያ ማድመቂያ ማድረግ አይገባም።

በታናናሾቿ ላይ ደግሞ አደጋው ባትሪው ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂትሮው ላይ ማንም ሳይኖርበት ቆሞ የነበረው «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር ከኋላው ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች መነሻውን ጣሪያው ውስጥ ካለው የነፍስ አድን ሬዲዮ አገኙት፤ የሊቲየም ባትሪው ሽቦዎች ተደራርበው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። አንድም ጥሪ ሳይጠራ አውሮፕላን አቃጠለ። አዲስ ሆኖ እንዲህ ካደረገ፣ ከገበያ የተገዛ የሠላሳ ዓመት ሣጥን ከነባትሪው ቤት ይገባል?

ጊብሰን ገርልን ቀዳድቶ ሌላ ሬዲዮ የሚያደርጋትንም ሰው አልወደውም። ለውጥ ካስፈለገ ሠሪዎቿ ራሳቸው መንገዱን ትተዋል፤ ከዕቃዋ መካከል በመዘውሩ ኃይል የሚበራ የሌሊት ምልክት መብራት ነበረበት። አንቴናዋ ተነቅሎ፣ መብራቷ ተሰክቶ፣ ልጆች በየተራ ያዙሯት።