ከፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ዳር፦ አይተን ያላየናቸው ወንድሞች



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጉብኝት ነው። ውሃ ዳር ወርዶ ነፋስ መቀበል፣ ታንኳና ወፍ ማየት፣ ዓሣ አስጠብሶ መብላት ብዙ ሰው የሚወደው ነገር ነው። ዲናችንም ይህን አይጠላም። እንዲያውም ጌታችን በተከበረው ቁርኣን ከአንድም ሁለት ሦስት ቦታ በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩትን ሕዝቦች ፍጻሜ እንድናስተውል አዞናል። እንግዲያው ሙስሊም ሲጓዝ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ አንደኛው ማየት፣ ሁለተኛው ካየው መማር። ፎገራንና የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ በዚህ ዓይን እንቃኛቸው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዝን ወረታን እናገኛለን። የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠለውም ከዚሁ ነው። ከወረታ በስተምዕራብ እስከ ሐይቁ ድረስ የተነጠፈው ሜዳ ፎገራ ይባላል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው ይህን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲሆን ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ለምነቱም ከዚሁ ደለል የመጣ ነው። ራሕመት የሆነው ውሃ አንዳንዴ ፈተናም ይሆናል። እ.ኤ.አ በ2006 ክረምት ጎርፉ ከልክ አልፎ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ አፈናቅሏል።

ውሃው ሲሸሽ ረግረጉና ኩሬው ይቀራል። ዘውድ የመሰለ ላባ በራሳቸው ላይ የተሸከሙ ረጃጅም ወፎች፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ስደተኞችም ጭምር ይሰፍሩበታል። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት የሚሰማራው በዚህ ሜዳ ነው። ዛሬ ዓይን የሚሞላው የሩዝ ማሳ ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሞያዎች እገዛ ተጀምሮ አሁን ፎገራን የአገሪቱ የሩዝ መዲና አድርጓታል። እ.ኤ.አ ከ2023 ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገደኛውን አስቸግሯል። አላህ ሰላሙን መልሶ በነፃነት የምንጓዝበትን ቀን ያቅርብልን።

ከወረታ ወደ ሰሜን ትንሽ ሲኬድ ይፋግ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይፋግ ስሟ የገነነ ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው፣ ከብት፣ ቡናና ጨርቅ ይዘው ከሚመጡት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። አያቶቻችን ንግድን የያዙት ለምን ነበር? ስለወደዱት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ርስት መያዝም በአብዛኛው የተከለከለ ነበር። መሬት የሌለው ሰው ወይ ይሸምናል፣ ወይ ይነግዳል። በገዛ አገራችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባልን እንደ እንግዳ ስንቆጠር ኖርን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ያ ታላቅ ሰልፍ ይህ እንዲያበቃ፣ ኢትዮጵያዊ ሙስሊሞች እንድንባል፣ በዓሎቻችንም እንዲከበሩ የጠየቀ ነበር።

ይህን ታሪክ ለልጆቻችን እንነግራለን፤ መንገራችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያው ውሃ ዳር ሌላ ታሪክ አለ። እሱን ለመናገር አፋችን ይያዛል።

ውድ አድማጮቻችን! ጣና ዳር የቆመ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው የደንገል ታንኳን ነው። በዚህ ሙያ ከጥንት ጀምሮ ስማቸው የሚነሣው ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ናቸው። ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ቅርጫትና ምንጣፍ ይሠራሉ፤ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። ቀድሞ የታወቁት ግን በጉማሬ አደን ነበር። ራሳቸውን ሙስሊም ይላሉ።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ በ1770 ጎንደር በደረሰ ጊዜ ወይጦዎች ከሌላው የአገሩ ቋንቋ ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ሰማ። ሊያውቀው ስለፈለገ ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች አስመጣ። ቢጠይቃቸው ዝም አሉ። ትሰቀላላችሁ ተብለው ቢዛትባቸውም አልመለሱም። እ.ኤ.አ በ1907 የእነሱን ነገር ያጠናው ጀርመናዊው ሚትቮህ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች እንደሆኑ ጻፈ። በ1928 ያለፈው ፈረንሳዊው ግሪዮል ደግሞ አንድ ወይጦ በጠፋው ቋንቋ ሲዘፍን ሰማ። ዘፋኙ ራሱ ከጉማሬ የአካል ክፍሎች ስም በቀር የሚዘፍነውን አያውቀውም ነበር። አንድ ቋንቋ በዚህ ሁኔታ ከምድር ጠፋ። ያን ያህል ለብቻው የተተወ ሕዝብ ነበር ማለት ነው።

ማን ነው የተዋቸው? ክርስቲያኑ ጎረቤት ጉማሬ በላተኛ ብሎ ናቃቸው። እኛስ? እኛም አብረን ናቅናቸው። ሙስሊም ነን ሲሉ «የእናንተ እስልምና እስልምና አይደለም» አልናቸው። ማዕዱን ለየንባቸው፤ ጋብቻውን ዘጋንባቸው። ስማቸውን ስድብ አደረግነው። እኛ ራሳችን በደረሳነታችን ዘመን ያየነውን እንመስክር። አንድ የወይጦ ሽማግሌ የደንገል ምንጣፍ ለመስጊድ ይዘው መጡ። ከሰላት በኋላ ምሳ ሲቀርብ ለእሳቸው በተለየ ሳህን ተሰጣቸው። ምንጣፋቸውን ግን ተቀብለን ሱጁድ ወረድንበት። ከመካከላችን ትንፍሽ ያለ አልነበረም።

«ጉማሬ ይበሉ ስለነበር እኮ ነው» የሚል አይጠፋም። ጉማሬ ይበላል አይበላም የሚለው ለፊቅህ ዑለማዎች የሚተው ነው። አደኑም በ20ኛው ክፍለ ዘመን እየቀረ ሄዶ ሕዝቡ ወደ እርሻ፣ ወደ ዓሣና ወደ እጅ ሥራ ዞሯል። ይሁንና የማይፈቀድ ነገር የበላ ሙስሊም ይመከራል፣ ይማራል እንጂ እጁ ነጃሳ አይሆንም። ሸሃዳ ያለ ሰው ከሰፍ አይባረርም። ደግሞስ ማን አስተማራቸው? ዕውቀቱ በእኛ ዘንድ ነበር። ሳናስተምር ባለማወቃቸው መቅጣታችን የማን ጥፋት ነው?

አንድ ሶሓባ ሌላውን በእናቱ ባነወረው ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የጃሂሊያ ርዝራዥ በውስጡ እንዳለ ነግረው ገሥጸውታል። ልብ እንበል፤ የተገሠጸው ከሓዲ አልነበረም፤ የተከበረ ሶሓባ ነው። መስገድና መጾም ብቻውን ይህን በሽታ አያጠፋም ማለት ነው። ከ1668 ጀምሮ መገለል ምን እንደሆነ በአጥንቱ ያወቀ ኅብረተሰብ ከሱ የደከመውን ማግለሉ ከሌላው ሰው ይልቅ በሱ ላይ ይከብዳል። ፍትሕ ለራሳችን ስንሆን ብቻ የምንጠይቀው ነገር አይደለም።

ዛሬም ኑሯቸው ቀላል አይደለም። ደንገሉ ለእርሻና ለከተማ መስፋፋት እየተመነጠረ ሳስቷል። እ.ኤ.አ ከ2011 ወዲህ በሐይቁ ላይ የተንሠራፋው እንቦጭም ዓሣ አጥማጁንና ታንኳ ቀዛፊውን አስጨንቋል። ጣና እ.ኤ.አ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ወፉንና ደንገሉን ለመጠበቅ ዓለም ከተነሣ፣ በደንገሉ የኖረውን ወንድማችንን ለማስታወስ እኛ ምን ያዘገየናል?

ስለዚህ አባቶች፣ እናቶች! ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጣና ዳር ስትወርዱ ታንኳውን ብቻ አሳይታችሁ አትመለሱ። የሠራውን ሰው ሰላም በሉት፣ ስሙን ጠይቁት፣ ከቻላችሁ ከአንድ ማዕድ ብሉ። በየመድረሳችን ልጆቹ ከልጆቻችን ጋር አንድ ሰሌዳ ላይ ይቅሩ። በጁሙዓ ሰፍ ትከሻችን ትከሻውን ይንካ። «ወይጦ» የሚለውን ቃል በቤታችሁ ለስድብ የሚያውለው ልጅ ካለ፣ ያ ሰው ወንድሙ መሆኑን የዚያኑ ዕለት ንገሩት።

ጌታችን ሆይ! አይተን ያላየናቸውን ወንድሞቻችንን አሳየን፤ ከልባችን ኩራትን ንቀል፤ ለአገራችንም ሰላምን ስጥ። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።