ብረት የቆጠበው መሐንዲስ

ስለ ሙስሊም ሊቃውንት ስናወራ ብዙ ጊዜ ከባግዳድና ከኮርዶባ አንወጣም። ዛሬ ግን በአባቶቻችን ዘመን የኖረ አንድ መሐንዲስ እናስታውሳችሁ።

ፈዝሉር ረሕማን ኻን እ.ኤ.አ. በ1929 በዛሬዋ ባንግላዴሽ ተወለደ። በ1952 ለትምህርት አሜሪካ ሄዶ በኋላ ሥራውን በቺካጎ አደረገ። በዚያን ጊዜ ረጅም ሕንጻ የሚቆመው በየውስጡ በሚተከል የብረት ምሰሶ ነበር። ፎቁ በጨመረ ቁጥር ነፋስን ለመቋቋም የሚፈጀው ብረት እጅግ ይበዛል። ኻን ዋናውን ጥንካሬ ወደ ውጭው ግድግዳ አወጣው። ሸምበቆን እናስብ፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ነፋስ ግን በቀላሉ አይሰብረውም። በዚህ ዘዴ የተሠራው ባለ 100 ፎቁ የቺካጎ ጆን ሃንኮክ ሕንጻ በአንድ ካሬ ሜትር ወለል 145 ኪሎ ገደማ ብረት ወሰደ። በ1931 ያለቀው የኒውዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ግን 206 ኪሎ ገደማ ወስዷል።

ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። ብረት ከምድር ተቆፍሮ፣ በብዙ እሳት ቀልጦ የሚገኝ ነው። እኛ ውዱእ ስናደርግ ኢስራፍ ብንሠራ የሚባክነው ጥቂት ውሃ ነው። መሐንዲስ በወረቀት ላይ ሲያባክን ግን የሚባክነው የሕዝብ ሀብት ነው።

ኻን ከአርክቴክት ጎርደን በንሻፍት ጋር የሠራው ሌላው ሥራ የጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ የሑጃጆች ተርሚናል ነው። በዚያ በኩል ሐጅ የሄዱ ዘመዶቻችን ያውቁታል። ጣሪያው 210 ነጭ ድንኳኖች ነው። ነጩ ጨርቅ የፀሐይን ሙቀት ይመልሳል፤ ጎኑ ክፍት ስለሆነ አየር ይገባል፤ የሞቀው አየር በድንኳኑ አናት ይወጣል። ያንን ሰፊ ቦታ በማሽን ማቀዝቀዝ ሳያስፈልግ፣ የበረሃ ሰዎች ድንኳን ጥበብ ለብዙ ሺህ ሑጃጆች ጥላ ሆነ።

በ1971 አገሩ በጦርነት ስትታመስም ኻን ሥራ በዝቶብኛል ብሎ አልተቀመጠም። ቺካጎ ያሉ ወገኖቹን አስተባብሮ ለተጎጂዎች እርዳታ አሰባሰበ።

ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ወጣቶች ሆይ! ነገ ፊርማችሁ ያረፈበት ሕንጻ ውስጥ ሰው ይተኛል፣ ልጅ ያድጋል። «ስንት ያስገኝልኛል?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ይፈጃል? ማንን ይጠቅማል? ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ምን ይተዋል?» በሉ። እውቀት አማና ነው፤ የተማረ ሰው የሚጠየቀውም በተማረው ልክ ነው።

ኻን በ1982 በ52 ዓመቱ በጅዳ ከተማ አረፈ። አላህ ይዘንለት፤ ከእናንተም መሰሎቹን ያብዛልን። አሚን።