አይሆንም የተባለውን የመሰከረች ቅንጣት

ተራራ ሲያዩት ከጥንት ጀምሮ እዚያው የቆመ ይመስላል። አንዳንዱ ግን ከምድር ሆድ ገብቶ፣ በሙቀትና በግፊት ተለውጦ የተመለሰ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ታዲያ ማን ይመስክር?

ምስክሩ ማዕድን መሆኑን ቀድመው ካሳዩት አንዱ ብሪታኒያዊው ጂኦሎጂስት ጆርጅ ባሮው ነው። በ1893 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ደጋ ያሉ ልውጥ ዐለቶችን ሲያጠና፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ስታውሮላይት፣ ከዚያ ካያናይት፣ በመጨረሻም ሲሊማናይት በተራ እንደሚመጡ አስተዋለ። ቴርሞሜትሩ ዐለቱ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ሙቀቱ እንዲህ ተነበበ፤ ጥልቀቱስ? ለረጅም ጊዜ የብዙዎች እምነት አንድ ነበር፦ የአህጉር ቅርፊት ቀላል ስለሆነ እጅግ ወደ ጥልቅ አይሰምጥም።

በ1953 ሎሪንግ ኮስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በከፍተኛ ግፊት ከኳርትዝ ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ማዕድን ሠራ። ማዕድኑም በስሙ ኮሳይት ተባለ። በ1960 ደግሞ አሪዞና ውስጥ ከሰማይ የወረደ ድንጋይ በቆፈረው ጉድጓድ ተገኘ። ከተራራ ዐለት ውስጥ ይገኛል ብሎ የጠበቀ ግን ጥቂት ነበር።

በ1984 ፈረንሳዊው ክርስቲያን ሾፓን ከጣሊያን አልፕስ፣ ከዶራ ማይራ የመጣ ዐለት በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ጋርኔት ውስጥ የታሸገች የኮሳይት ቅንጣት አገኘ። አብዛኛው ኮሳይት ወደ ኳርትዝ ተመልሶ፣ ሲመለስም አብጦ ጋርኔቱን ዙሪያውን ሰነጣጥቆታል። ጠንካራው ጋርኔት አፍኖ የያዘው ግን ተርፏል። ስሌቱ ከ28 ኪሎባር በላይ ግፊትና 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት አመለከተ። ይህ ግፊት ከላይ ካለው ዐለት ክብደት ብቻ የመጣ ከሆነ፣ ጥልቀቱ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚያው ዓመት ዴቪድ ስሚዝም ኖርዌይ ውስጥ ኮሳይት ማግኘቱን አስታወቀ። አይሰምጥም የተባለው ቅርፊት ሰምጦ ተመልሷል።

ነገሩ በዚህ አልተቋጨም። ተራራ ሲሠራ የሚፈጠረው የጎን ጭመቃም ግፊቱን ሊያንረው ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እንደነሱ ከሆነ ጥልቀቱ ከተባለው ያንሳል። ልብ በሉ፤ ክርክሩ የቅንጣቷን ምስክርነት እንዴት እንተርጉመው የሚል ነው። ቅንጣቷን ራሷን የሚክድ የለም። ብዙ ባለሙያዎች የተስማሙበትን ሐሳብ የሻረው ከዐለት የተላጠ፣ ከወረቀት የሳሳ ስስ ቁራጭ ነው። ማስረጃው ሚሊዮን ዓመታት እዚያው ነበር፤ የጎደለው ቀርቦ የሚያይ ዓይን ነበር።