ቅድመ ምርጫ የሕዝብ አስተያየት ጥናት በወላይታ ዞን

ቅድመ ምርጫ የሕዝብ አስተያየት ጥናት መራጩ ወደ ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ልቡ ወዴት እንዳደላ ከጥቂት መላሾች ተነሥቶ የሚገምት ዳሰሳ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ልማዱ ገና አልጠናም። ስለ ወላይታ አሃዝ የሚፈልግ ሰው ወደ አገር አቀፍ ጥናት ይሄዳል፤ ስሕተቱም ከዚያው ይጀምራል።

አፍሮባሮሜትር የተባለው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት በኢትዮጵያ 2,400 ያህል አዋቂዎችን በየቤታቸው ይጠይቃል። የስሕተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊዛነፍ የሚችልበት መጠን፣ 2 መቶኛ ነጥብ ገደማ ስለሆነ አገሪቱን በጥቅሉ ለማየት በቂ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወላይታ ከ73.8 ሚሊዮን ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ያህሉን ይዞ ነበር። በዚህ ድርሻ ከተሰላ ለዞኑ የሚደርሱት መላሾች 50 ያህል ብቻ ናቸው፤ በአንድ የቆጠራ ቦታ 8 ሰው ስለሚጠየቅም የሚመጡት ከ6 ወይም ከ7 ቦታ ነው። ህዳጉ ወደ 14 ነጥብ ያድጋል። ከዚህ ተነሥቶ «እገሌ 52 ለ48 ይመራል» ማለት ከግምት አያልፍም። ከዞኑ 1,000 ሰው ቢጠየቅ እንኳ የእያንዳንዱ ዕጩ ህዳግ 3 ነጥብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ እስከ 6 ነጥብ ሊዋዥቅ ይችላል።

ወንበሩን የሚወስደው በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ስለሆነ የዞኑ አማካይ ማን ምክር ቤት እንደሚገባ አይነግርም። በዞኑ ዋና ከተማ በሶዶ በስልክ የተሰበሰበ መልስም የቦሎሶ ሶሬን ወይም የሁምቦን ወረዳ ገበሬ አይወክልም። በግንቦት 1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ አገኘ፤ ምርጫ ቦርድ ባወጀው የአገሪቱ ውጤት ግን ገዢው ኢሕአዴግ ከ547 ወንበሮች 327ቱን ያዘ። ዋና ከተማውን አይቶ ለአገሩ የፈረደ በእጅጉ ይሳሳት ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው የመላሹ ፍርሃት ነው። አፍሮባሮሜትር በቃለ መጠይቁ መጨረሻ መላሹን «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። «መንግሥት» ያለ ሰው የሰጠው ሌላው መልስ በጥንቃቄ መታየት አለበት። «አልወሰንኩም» ያሉትን ከስሌት አውጥቶ የቀሩትን ብቻ ማካፈልም ያሳስታል፤ ዝም ያለው ሁሉ ያላሰበ አይደለም።

የጥያቄው አቀራረብም ይወስናል። የወላይታ ዞን ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ዞኑ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ወስኖ ነበር። ጥር 29 ቀን 2015 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የቀረበው ምርጫ ግን ከሌሎች ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ጋር የጋራ ክልል መመሥረት ወይም በነባሩ የደቡብ ክልል መቆየት ነበር። በሁለቱ አማራጮች ብቻ የሚጠይቅ ጥናት ሦስተኛውን ፍላጎት ጨርሶ አያየውም።